ቀይ ክር የታሰረበት ቡና

ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲህ ነበር። ምግብ በሦስት ይከፈላል፤ ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ። ፕሮቲን ገንቢ ነው፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ። በሽታ ተከላካዩ ጎመንና ብርቱካን ነው። ይህ ጥያቄ ከታች ክፍል ጀምሮ እስከ አሥረኛ በየፈተናው መጥቶብኛል፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። በትምህርቴ ብዙ ነገር ስላልተሳካልኝ የተሳካልኝን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር። ስለዚህ ታላቅ እህቴ አንድ ክረምት ጓሯችን ውስጥ ቆማ፣ "ይሄ ቡና ከበሽታ ራሱን የሚከላከለው በፕሮቲን ይመስለኛል" ስትለኝ ተናደድኩ።

"ፕሮቲን ገንቢ ነው" አልኳት።

"ማን አለህ?"

"መምህራችን።"

"እሱ የነገረህ ስለሚበላው ሰው ነው። እኔ ስለ ዛፉ ነው የማወራው።"

"ዛፍ ፕሮቲን ከየት ያመጣል? እንቁላል ይበላል?"

አባቴ ከጓሮ በር ላይ ይህን ሰምቶ ሳቀ። ከዚያን ቀን በኋላ መቀለጃው አደረገው። እሷን ከቡናው ሥር ባያት ቁጥር፣ "ዛሬ ምን በላልሽ? ጥብስ ነው ክትፎ?" ይላታል። እሷም ሳትዞር፣ "ክትፎ ነው አባዬ፤ አንተ በዓመት አንዴ የምትበላውን እሱ በየቀኑ ይሠራል" ትለዋለች። አባቴ መልስ ሲያጣ በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ መናገር ይጀምራል። ያኔ ሁላችንም እንስቃለን።

እታለም ነበር የምላት። አሁንም ሳስባት እታለም ብዬ ነው። ጅማ የዕፅዋት ሳይንስ ተምራ፣ በዚያው አካባቢ በሚገኝ የምርምር ማዕከል ረዳት ሆና ተቀጥራ ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቤት የቀረሁ ነኝ። ቤታችን ቦንጋ ዳርቻ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ተዳፋት ነው፤ ከኋላው እንሰት፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና። አብዛኛው ቡና አያቴ የተከለው ነው። አንዱን ግን አባቴ በጎረምሳነቱ ከማንኪራ ጫካ ነቅሎ አምጥቶ ነው የተከለው። ይህ አንዱ ጠማማ ነው። ፍሬውም ትንሽ ነው። እናቴ፣ "ሰነፍ ነው፤ ቦታ ይዞ ነው እንጂ የሚቀመጠው" ትላለች።

ዝናቡ የበረታበት ዓመት መጣ። እንደዚያ ሲዘንብ ቡናችን ይታመማል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል፤ ነጥቡ ይሰፋል፣ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ፍሬው በሙሉ ጠቁሮ ባዶ ይሆናል። ያን ዓመት ጓሯችን ከሰል የተበተነበት ይመስል ነበር። አባቴ ዝናቡን ይራገማል። እናቴ አባቴን ትቆጣለች። እህቴ ለዕረፍት መጥታ ስለነበር በጃንጥላ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትዞር ዋለች። ሲመሽ ገብታ፣ "ሰነፉ አልታመመም" አለች።

እራት እየበላን ነበር።

"ሰማችሁኝ? ከሁለቱም ወገን የታመሙ ዛፎች ይዘውታል። ቅርንጫፋቸው ይነካዋል። እሱ ላይ ግን ትንንሽ ቡናማ ጠባሳ ነው ያለው፤ እሱም ደርቋል።"

"ፍሬ የለውማ" አለች እናቴ። "ምኑን ይመመው?"

እህቴ ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። አንዳንዱን ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ የሚያርመኝ ስለሌለ እንደዚሁ ይቅር። በሽታው ፈንገስ ነው፤ የሻጋታ ዘመድ ነው። በዝናብ ጠብታ ተንጠባጥቦ አረንጓዴው ፍሬ ላይ ያርፍና ልጣጩን ሊበሳ ይሞክራል። ሌላው ቡና እስኪገባበት ድረስ አያውቅም። ሲያውቅ አልፎበታል። ይህኛው ግን ቶሎ ያውቃል፤ እንዳወቀም ፕሮቲኖች መሥራት ይጀምራል።

"ፈንገሱ ግድግዳ አለው" አለችኝ፣ የቤታችንን ጭቃ ግድግዳ በጣቷ እያንኳኳች። "ይሄን ግድግዳ ምንድነው የያዘው?"

"ጭቃው።"

"ጭቃውን ማን ያዘው?"

"ማገሩ።"

"በቃ። ፕሮቲኑ ማገሩን ነው የሚቆርጠው። ማገር የሌለው ግድግዳ ምን ይሆናል?"

"ይፈርሳል።"

"የፈረሰው ስብርባሪ ደግሞ ለዛፉ ወሬ ያደርስለታል፤ ሌባ ገብቷል ይለዋል። ዛፉ ተጨማሪ ይሠራል። በፈንገሱ ዙሪያ ያለው የፍሬው ሥጋም ራሱን አድርቆ ቅርፊት ይሆንና መንገዱን ይዘጋል። ያ ነው ጠባሳው።"

"ታዲያ አለቀ። አወቅሽው ማለት ነው።"

"አላለቀም። ይመስለኛል ነው ያልኩህ። ጠባሳውን ነው ያየሁት፤ ፕሮቲኑን አላየሁትም። ፍሬው በትክክለኛው ጊዜ ተለቅሞ፣ በበረዶ ሳጥን ቤተ ሙከራ ገብቶ ካልተለካ ሰው ፊት አላወራውም።"

እኔን ግን ሰው አልቆጠረችኝም መሰለኝ፣ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በመጣች ቁጥር ስለ ቡናው ታወራኛለች። ደክሞኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ያ ድካም ይሰማኛል።

ከሁሉም እናቴን ያበሳጫት ሳፋው ነው። እህቴ የእናቴን ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወሰደች። ውስጡ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈች። ከየዛፉ አረንጓዴ ፍሬ ለቅማ በመደዳ ደረደረች። ከዚያ የታመመ ፍሬ አምጥታ በውሃ አጠበችና ያንን እጣቢ በየፍሬው ላይ አንጠባጠበችው። በላስቲክ ሸፍና አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። በየጠዋቱ ገልጣ ታያለች፣ ጨርቁን ታረጥባለች።

"የሰው ልጅ በሽታ ያረባል?" ትላለች እናቴ። "ሰው ዶሮ ያረባል፣ ንብ ያረባል። በሽታ? በኔ ሳፋ?"

"የሰው በሽታ አይደለም እማዬ።"

"የማንም ይሁን፤ ሳፋው የኔ ነው።"

ከሰነበተ በኋላ የሌሎቹ ፍሬዎች ጠቆሩ። የሰነፉ ከጥቂቶቹ በስተቀር አልጠቆሩም። እህቴ ሰነፍ ማለቱን ተወችና ከእናቴ የሹራብ ክር ቀዩን ቆርጣ ከዛፉ ቅርንጫፎች አንዳንዶቹ ላይ አሰረች። በየወሩ እነዚያኑ ቅርንጫፎች እያየች ፍሬው እንዴት እንደሚሆን ለመከታተል ነው። በሚቀጥለው ክረምት የምርምር ማዕከሉ ሰዎች ሳጥን ይዘው እንዲመጡ ተነጋግራ ነበር። ለሥራ ባልደረባዋም ነግራዋለች። ሁሉም ነገር ያንን አንድ ዛፍ ይጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሌላው ቀይ መናገር አለብኝ። ጊዜው የሞዴል አርሶ አደር ጊዜ ነው። ስብሰባ ነበር፤ ከስብሰባው ቀጥሎ ስልጠና፣ ከስልጠናው ቀጥሎ ስብሰባ። ያረጀና የታመመ ቡና ይጎንደል፣ ማለትም ጉቶው ቀርቶ ከላይ ይቆረጥ፣ ወይም ይነቀል፣ በቦታው የተሻሻለ ችግኝ ይተከል ተባለ። የልማት ሠራተኞቹ በየጓሮው እየገቡ የሚወገደው ዛፍ ላይ ቀይ ፌስታል ቀደው ያስራሉ። በየስብሰባው፣ "ቀይ የታሰረበትን!" ይባላል። በአካባቢያችን ይህን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። እህቴ ግን ጅማ ነበረች። ክሩን ስታስር ይህን አላሰበችም። እኛም አላሰብንም፤ እኛ ጋ ክር ክር ነው፣ ፌስታል ፌስታል ነው።

በዚያ በተቀጠረው ክረምት መግቢያ ለሥራ ወደ ቆላው ወረዳዎች ወረደች። ስትመለስ ትኩሳት ይዟት ነበር። ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጣ አሉን። ጅማ ሆስፒታል አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን ገልጣ፣ "ዘነበ?" አለችኝ። "በጣም" አልኳት። "ጥሩ" አለች። ፈንገሱ ዝናብ ይወዳል፤ ያንን ማለቷ ይመስለኛል። ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻል ነበር። አሁንም በዚህ እናደድባታለሁ።

አስከሬኗን ይዘን ቦንጋ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። የፊት ለፊቱ ግቢ ጭቃና ተዳፋት ስለሆነ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ከኋላ፣ ከእንሰቱ አልፈው ዘርግተውታል። ያኔ ልብ አላልኩም። ከቀብር መልስ ነው ብቻዬን ለመሆን ወደ ጓሮ የዞርኩት። ከቡናው ሥር መቆም ፈልጌ ነበር። ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ዛፉ በነበረበት ቦታ ሸራ ነበር።

ጉቶው አለ። ቁመቱ እስከ ጉልበት ነው። ጣውላ ተጋድሞበታል፤ የጣውላው ሌላ ጫፍ ድንጋይ ላይ ነው። አግዳሚ ወንበር አንሷቸው ኖሯል። ጣውላው ላይ፣ ልክ በጉቶው አናት፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ተቀምጠዋል። ከሺሺንዳ በዝናብ መጥተው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ድንኳን ሲተክሉ የዋሉት እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ ይሄን ቡና ማን ቆረጠው?"

"እኔ ነኝ። አይዞህ ልጄ፣ ጤነኛውን አልነካሁም።"

"ጤነኛው እሱ ነበር!"

"ቀይ ታስሮበታል እኮ። ለድንኳኑ ቦታ ብለው እዚያ ጋ ያለውን ጥሩውን ሊቆርጡት ነበር፤ እኔ ነኝ ተዉ፣ የሚወገደው እያለ ብዬ ያዳንኩላችሁ።"

"ያ ፌስታል ነው ጋሼ። ይሄ ክር ነው።"

"ቀይ አይደለም?"

"ቀይ ነው።"

"ታዲያ?"

ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል። እህቴን በሕፃንነቷ በትከሻቸው ተሸክመው ገበያ ለገበያ የዞሩ ሰው ናቸው። የሷን ዛፍ፣ ለሷ ለቅሶ፣ ለኛ አዝነው፣ መርጠው ቆረጡት። ሰውን በዚህ እንዴት ይቆጡታል? ብቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እሺ፣ ከላዩ ይነሱልኝ" አልኩ።

"ከምኑ?"

"ከጉቶው። ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ልጣጩ እየተላጠ ነው።"

"ቁጭ በል ልጄ" አሉኝና ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። ጣውላው ላይ። ጉቶው ላይ ሁለት ሰው ልንሆን ነው።

አልተቀመጥኩም። ቆምኩ። ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ የቆምኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ሰው እየመጣ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይለኛል፤ እኔ እግሩን ነው የማየው፣ ተረከዙ ጉቶውን እንዳይመታ። ከድንኳኑ ጀርባ ሴቶቹ በትልቅ ብረት ድስት ንፍሮ ይቀቅሉ ነበር። በስሎ ሲያበቃ የፈላውን ውሃ የሚደፉት በድንኳኑ ጠርዝ ነው፤ ውሃው ደግሞ ተንሸራቶ ወደ ጉቶው ሥር ነው የሚሄደው። ሮጬ ሄድኩ።

"እባካችሁ እዚህ አትድፉ።"

"የት እንድፋው? ራሳችን ላይ?"

"ወደ እንሰቱ፤ ወይ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።"

አንደኛዋ ጎረቤታችን ናት፤ አፏ ስለት ነው፤ ድስቱን እንደያዘች አየችኝ። "እህትህ ናት የሞተችብህ ወይስ ቡናው?" አለችኝ።

ሌሎቹ፣ "ኧረ ተይ፣ ኧረ ተይ" አሏት። እሷም ወዲያው አፏን ያዘች፣ አለቀሰች፣ አቀፈችኝ። ድስቱን ግን እዚያው ደፋችው። ያቀፈችኝ እኮ ከደፋች በኋላ ነው። እንፋሎቱ በመካከላችን ይወጣ ነበር።

የባሰው የተሰማው በማግስቱ ነው። እዚያው ድስቱ ዙሪያ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ "ያ በሳፋ ስታራባው የነበረው ነው የያዛት" ተባለ። "አልጋዋ ሥር ነበር እኮ የምታስቀምጠው።" እናቴ ሰማች። እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ፈንገሱ ቡና እንጂ ሰው እንደማይነካ፣ የቡናም አረንጓዴ ፍሬውን ነው የሚወደው ብዬ፣ እህቴን የገደላት ወባ መሆኑን ሐኪም እንደነገረኝ አስረዳሁ። ስለ ማገሩ ሁሉ ተናገርኩ። በጣም ረዘመብኝ። ስጨርስ ጎረቤታችን በአዘኔታ ራሷን ነቀነቀችና፣ "ፈንገስ በለው ምን በለው፣ በሽታ በሽታ ነው" አለች። ሁሉም ተስማሙ። በዚያ ቀን ሰማያዊው ሳፋ ከቤት ጠፋ።

በሰልስቱ ቀን የእህቴ የሥራ ባልደረባ ከጅማ መጣ። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰ ልጅ ነው። ከአባቴ እግር ሥር ወድቆ አለቀሰ። ሲረጋጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ዛፉን ላየው እችላለሁ?" አለኝ።

"ተቀምጠህበታል" አልኩት።

እውነት ነው፤ ቦታ ሲሰጡት እዚያ ነው ያስቀመጡት፤ ከአጎቴ አጠገብ። ብድግ ብሎ ጎንበስ አለ፤ ከጣውላው ሥር ጉቶውን አየ። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በነዚያ ቀናት ውስጥ ያጽናናኝ ነገር ቢኖር ያ ዝምታው ነው።

የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ለማየት ወጣን። ፍየል እንዳይገባ የአጥር ክፍተት ደፍነውበታል። ፍሬዎቹ ተጨማደዋል። የቀዩ ክር ቀለም በዝናብ ለቅቆ ቅጠሉን ሮዝ አድርጎታል። "ይሄ አይሆንም" አለ። "ፍሬው ለዘር አልደረሰም። ለልኬትም ሞቷል፤ ፕሮቲኑ ይበላሻል።"

"ቅርንጫፉን ብንተክለውስ?"

"የጎን ቅርንጫፍ ቢይዝ እንኳ ወደ ጎን ነው የሚያድገው፤ መሬት ለመሬት። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀንበጥ ነው የሚያስፈልገን። እሱ ደግሞ ከጉቶው ነው የሚመጣው። ጉቶው ካወጣ ያው ዛፍ ነው። ካላወጣ አለቀ፤ ሌላ እንደሱ የለንም።"

ተመልሰን ገባን። እሱ ከአጎቴ ፊት እጅ ነስቶ፣ "አባቴ፣ ይህችን ቦታ ቢለቁልን፤ ለምርምር ትፈለጋለች" አለ።

አጎቴ ወዲያው ተነሱ። "ኧረ ምን ችግር አለ! ለምርምር ከሆነ" አሉ። ጣውላውን ራሳቸው አነሱት። ሌላውንም ሰው አስነሱ። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ የለመንኳቸው ሰው! ከመንግሥት የመጣ ሰው ሲናገር ነው የሚሰማው። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተም ለምርምር ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?" አሉኝ።

ድንኳኑ ሲነሳ ጉቶው ብቻውን ቀረ። ልጣጩ በአንድ በኩል ተልጧል። ባልደረባዋ ከመሄዱ በፊት አናቱን በመጋዝ ሰያፍ አድርጎ አስተካከለልን፤ ውሃ እንዳያቁርበት። "ቁመቱስ መጥፎ አይደለም" አለ። ይህን አጎቴ ሰሙ። ባይሰሙ ጥሩ ነበር።

ከዚያ የቀረው አባቴ ነበር። ቤቱ ጭር ሲል አንድ ጠዋት ዶማ ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድ አየሁት። ከኋላው ሮጥኩ።

"አባዬ ምን ልታደርግ ነው?"

"ልነቅለው ነው።"

"ለምን?"

መልሱን በካፊኖኖ ጀመረ፣ አቆመ፣ ወደ አማርኛ ተመለሰ። "ማየት አልፈልግም። ባየሁት ቁጥር የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው። ጥብስ በላ፣ ክትፎ በላ ስላት። በመጨረሻም ስትሄድ ያልኳት እሱኑ ነው። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም፤ ሥጋ እገዛለታለሁ አልኳት።"

"ሳቀች?"

"ሳቀች።"

እኔ ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። ዶማውን በአንድ በኩል ያዝኩት፤ እሱም በአንድ በኩል ያዘው፤ እንደዚያ ቆምን።

"ተወው አባዬ" አልኩት በመጨረሻ። "ይብላ።"

አባቴ ዶማውን ለቀቀልኝ። ወደ ቤት ገባ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ጉቶው ቶሎ አላወጣም። በየቀኑ ማየት ያስጠላል፤ አለማየትም አይቻልም። ልጣጩ ባልተላጠበት በኩል ነው በመጨረሻ አረንጓዴ ነገር ያበጠው። ከዚያ ብዙ ቀንበጥ ባንዴ ወጣ። የጎረቤት ፍየል ግማሹን በላችው። እሾህ አጠርኩበት። እናቴ እሾሁ ቀሚሷን ቀዶባት ተቆጣች። ከቀሩት ቀጥ ያሉትን ጥቂቶቹን ትቼ ሌላውን አነሳሁ። እነዚህን ያህል ቀላል ነገሮች ለማድረግ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ይህን ያህል መጨቃጨቅ ያስፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እንደገና እስኪያፈራ ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ፣ ደግሞ ሄዶ መጣ። መጀመሪያ ያፈራ ጊዜ ለእህቴ ባልደረባ ስልክ ደወልኩ። ሌላ ክልል ተዛውሯል። የምርምር ማዕከሉን ቁጥር ሰጠኝ። በዚያ ቁጥር ያነሳው ሰው ጉዳዩ በወረዳ በኩል ይምጣ አለኝ። ወረዳ ሄድኩ፤ በቀበሌ በኩል ይምጣ አሉኝ። ቀበሌ ሄድኩ፤ ባለሙያው ስልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። ሲመለሱ አገኘኋቸው። "በሽታ የሚቋቋም ቡና ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?" አሉኝ። የሞተች እህት አለችኝ ልል ነበር። "ፈልጌ አመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ፣ "እማዬ፣ ሳፋ ስጪኝ" አልኳት። ቢጫውን ነበር ያሰብኩት።

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ከቆጡ ላይ፣ ከጆንያ ሥር፣ ሰማያዊውን ሳፋ አወረደች። የጣለችው መስሎኝ ነበር። ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የተቀመጠው።

"ጨርቁ ወፍራም ይሁን" አለችኝ። "በስስ ጨርቅ አድርጋው አንዴ ደርቆባታል። ደግሞ አንተ ትረሳለህ፤ ማን ያረጥብልሃል?"

"አልረሳም።"

"ትረሳለህ። ምጣድ ላይ ያስቀመጥከውን በቆሎ ረስተህ ቤት ልታቃጥል የነበርክ ልጅ።"

ፍሬ ለቀምኩ፤ ከጉቶው ቀንበጥ፣ ከአያቴ ቡናዎች፣ ከጎረቤትም። ጎረቤታችን፣ ያቺ አፏ ስለት የሆነችው፣ የታመመ ፍሬ ስጠይቃት፣ "ደግሞ ጀመራችሁ?" አለችና እፍኝ ሙሉ ሰጠችኝ። አጥቤ አንጠባጠብኩ። በላስቲክ ሸፈንኩ። እውነቱን ለመናገር ጠዋት ጠዋት ስነሳ ጨርቁ ረጥቦ ነው የማገኘው። እናቴ ቀድማኝ ትነሳለች። እየረጨች ታጉረመርማለች፤ ስለ ወገቧ፣ ስለ ውሃው ቅዝቃዜ፣ በዚህ ቤት ሥራ የሚሠራ ሰው ስለመጥፋቱ።

የአያቴ ቡናዎች ፍሬ ጠቆረ። የጎረቤትም ጠቆረ። የጉቶው ፍሬ ላይ ትንንሽ ቡናማ ጠባሳ ወጣና እዚያው ደረቀ። አንዷ ብቻ እስከ ውስጧ ጠቆረች።

"ይኸው!" አለ አባቴ፣ መነጽሩን አድርጎ። "ይቺ ጠቁራለች።"

"እታለምም ብላለች አባዬ። ሁሉም አይተርፍም፤ አብዛኛው ነው።"

"እሷ ስትሠራ ስንት ነበር የጠቆረው?"

"ጥቂት።"

አባቴ ሳፋው ላይ ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆየ። "ፕሮቲኑ የታል ታዲያ?" አለኝ።

"አይታይም።"

"የማይታይ ክትፎ" አለ። መነጽሩን አውልቆ ወጥቶ ሄደ።

እኔም አላየሁትም። ያየሁት ጠባሳውን ነው። ጉቶው ግን ያው ዛፍ ነው፤ ያንን አየሁ። ሳፋውን እንዳለ፣ በላስቲኩ፣ ተሸክሜ ቀበሌ ወሰድኩት። ባለሙያው አዩት፤ ወረዳ ደወሉ። ከወረዳ ጅማ ተደወለ። በሚቀጥለው ክረምት ሰዎች በበረዶ ሳጥን ይመጣሉ ተብያለሁ። እንግዲህ እናያለን። በስብሰባ አገር ስኖር "ይመጣሉ" የሚለውን ቃል ብዙ ሰምቻለሁ።

ወሬው ሺሺንዳ ደረሰ። አጎቴ ለሚያገኙት ሁሉ፣ "እኔ ነኝ የጎነደልኩት፤ ቁመቱ ልክ ነው ብለው የምርምር ሰዎች መስክረውልኛል" ይላሉ አሉ። ለበዓል ሲመጡ ዛፉን ለማየት ቸኩለዋል ተባለ።

እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ የትኞቹን ቅርንጫፎች እንደምከታተል ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። ከእናቴ የክር ቅርጫት ውስጥ ስፈልግ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እጄ ላይ ያለውን አየች።

"አስቀምጠው" አለችኝ።

ቀይ ነበር። ሳላስበው ነው ያነሳሁት።

ቅርጫቱን ከእጄ ወስዳ ረጅም ነጭ ክር ሳበች፣ በጥርሷ ቆረጠችው፣ ወደ ጓሮ ወጣች። እሾሁን በእግሯ ገፍታ ገባችና ጉቶው ላይ፣ ሕፃን ላይ እንደሚያጎነብስ ሰው ጎንበስ ብላ ክሩን ቅርንጫፉ ላይ አሰረችው። አንዴ፣ ሁለቴ ቋጠረችው።

"አጎትህ ሊመጣ ነው" አለች። "ነጭ ይሁን።"